ነጋዴው፣ አገልጋዩ፣ መንገደኛው፦ ስለ ስቲቨን ግሬሌት የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የዚህን ሰው ስም መጀመሪያ ያየሁት በአንድ የምረቃ መጽሔት ውስጥ ነው። ከተመራቂው ፎቶ ሥር፣ «የመጨረሻ ቃል» በሚባለው ቦታ፣ እንዲህ የሚል ጥቅስ ሰፍሯል፦ «በዚህች ዓለም የማልፈው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ላደርገው የምችለው በጎ ነገር ካለ አሁኑኑ ላድርገው፤ ዳግመኛ በዚህ መንገድ አላልፍምና።» ከጎኑ «ስቲቨን ግሬሌት» ይላል።

ማን ይሆን ብዬ ማገላበጥ ያዝኩ። በ1773 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ፈረንሳይ ተወልዶ፣ ኒውዮርክ ላይ ነግዶ፣ ከሄይቲ እስከ ክራይሚያ የተጓዘ የኩዌከር አገልጋይ ነው። ያስገረመኝ ግን ስለ እሱ የሚወራው እና በእርግጥ የኖረው ሕይወት መራራቁ ነው። ከጥቅሱ ልጀምር።

«ጥቅሱ የእሱ ነው»

በጽሑፎቹ ውስጥ አልተገኘም። ግሬሌት በ1855 ካረፈ ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ1860፣ ቤንጃሚን ሲቦም የተባለ የእምነት ወንድሙ የሕይወት ማስታወሻውን አሰናድቶ በሁለት ቅጽ አሳተመ። ያቺ ዓረፍተ ነገር እዚያ ውስጥ የለችም። የጥቅስ መዝገበ ቃላት አዘጋጆችም ከጽሑፎቹ ሊያገኟት እንዳልቻሉ ይገልጻሉ። ይህችው ጥቅስ የፔንሲልቬንያን ግዛት ለመሠረተው ኩዌከር ለዊልያም ፔን፣ ለደራሲዎቹ ለኤመርሰን እና ለካርላይል፣ አልፎ ተርፎም ለሮማዊው ንጉሠ ነገሥት ለማርቆስ አውሬልዮስ ስትሰጥ ታያላችሁ።

ለግሬሌት የምትሰጠው ልኩን የተሰፋች ልብስ ስለምትመስል ይመስለኛል። ቀረብ ብሎ ላየው ግን እሷም በደንብ አትገጥመውም። ሰውየው አትላንቲክን እየተሻገረ አራት ጊዜ አውሮፓ ተመላልሷል፦ በ1807፣ በ1811፣ በ1818 እና በ1831። «ዳግመኛ አላልፍም» የሚል ሰው አራት ጊዜ አይመለስም።

«ኩዌከር ማለት ያ አጃው ነው»

አይደለም። የአጃው ኩባንያ ስሙን የንግድ ምልክት አድርጎ ያስመዘገበው በ1877፣ በኦሃዮ ግዛት፣ ግሬሌት ከሞተ ከ22 ዓመት በኋላ ነው። ስሙን የመረጡት ኩዌከሮች በታማኝነት ስለሚታወቁ እንጂ ከማኅበሩ ጋር ዝምድና ኖሯቸው አልነበረም።

የማኅበሩ ትክክለኛ መጠሪያ «የወዳጆች ማኅበር» ነው። በ17ኛው መቶ ዘመን እንግሊዝ ውስጥ በጆርጅ ፎክስ ስብከት ተጀመረ። «ኩዌከር» የሚለው የፌዝ ስም ነበር፤ ትርጉሙ «ተንቀጥቃጭ»። በ1650 ፎክስ ፍርድ ቤት ቀርቦ ዳኞቹን «በእግዚአብሔር ቃል ፊት ተንቀጥቀጡ» ቢላቸው፣ አንዱ ዳኛ ስሙን መልሶ ለጠፈበት፤ ተለጥፎም ቀረ። እግረ መንገዴን ላንሣው እንጂ፣ ጣልያን ከኢትዮጵያ ከተባረረ በኋላ በ1940ዎቹ መጀመሪያ አገራችን መጥተው በሕክምና ካገለገሉት ወጣት እንግሊዛውያን መካከል የዚሁ ማኅበር የአምቡላንስ ክፍል ሰዎች ነበሩበት። ከአጃው ይልቅ በእነሱ ብናውቃቸው ይሻል ነበር።

«የኩዌከር ሚኒስትር ነበር»

ይህ የትርጉም ስሕተት ብዙ ነገር አበላሽቷል። «ሚኒስትር» ሲባል አንዱ አንባቢ ቢሮና ጸሐፊ ያለው ሹም ይታየዋል፤ ሌላው ደመወዝ የሚቆረጥለት ፓስተር። ግሬሌት ሁለቱንም አልነበረም። የሚገባው የአማርኛ ቃል «አገልጋይ» ነው፤ እሱም ቢሆን ማብራሪያ ይፈልጋል።

በእነሱ ስብሰባ፣ በዚያ ዘመን፣ መዝሙር የለም፤ ቅዳሴ የለም፤ ተራ የተመደበለት ሰባኪም የለም። ወንዱም ሴቱም ገብተው ዝም ብለው ይቀመጣሉ። ውስጡ «ተናገር» ብሎ የገፋው ሰው ይነሣል፤ ይናገራል፤ ይቀመጣል። የሚነሣ ከሌለ በዝምታ የተጀመረው በዝምታ ያልቃል፤ ከፊት የተቀመጡት ሽማግሌዎች ሲጨባበጡ ስብሰባው ተፈታ ማለት ነው። አንድ ሰው፣ ሴትም ትሁን ወንድ፣ ደጋግሞ ሲናገር ቃሉ ጉባኤውን የሚያንጽ ሆኖ ከታየ ማኅበሩ ስሙን በአገልጋይነት ይመዘግባል። ግሬሌት የተመዘገበው በ1798፣ በ24 ዓመቱ ነው። ክህነት አልተቀበለም። ደመወዝም አልተቆረጠለትም፤ ኩዌከሮች «በነጻ ተቀበላችሁ፣ በነጻ ስጡ» የሚለውን ቃል እንደ ቃሉ ነበር የሚወስዱት።

ታዲያ ምን በልቶ ኖረ? ከፈረንሳይ አብዮት ሸሽቶ አሜሪካ ሲገባ የቤተሰቡ ሀብት አልተከተለውም። ፊላደልፊያ ላይ ፈረንሳይኛ እያስተማረ ጀመረ። በ1799 ወደ ኒውዮርክ ተዛውሮ ንግድ ውስጥ ገባ፤ በ1804 የአሳታሚው የአይዛክ ኮሊንስን ልጅ ርብቃን አገባ። ንግዱ የእምነቱ ተቃራኒ አልነበረም፤ ለጉዞው ነጻነት የሰጠው እሱ ነው።

የኩዌከር ነጋዴ ደንብም የራሱ ጣጣ ነበረው። አንደኛ፣ ዋጋ አንድ ነው። መጀመሪያ አስር ብሎ ኋላ ስድስት ላይ መስማማት ውሸት መናገር ነው ብለው ያምኑ ስለነበር ክርክር አይፈቅዱም። (መርካቶ ላደገ ሰው ይህ ከዝምታው አምልኮ በላይ የሚከብድ ይመስለኛል።) ሁለተኛ፣ ዕዳውን መክፈል አቅቶት የከሰረ ሰው ከማኅበሩ ሊሰናበት ይችላል። ኋላ የማነሣት የኤልሳቤጥ ፍራይ ባል የባንክ ባለቤት ነበር፤ በ1828 ባንኩ ሲወድቅ ማኅበሩ አሰናበተው። ሚስቱ በመላ አውሮፓ የታወቀች አገልጋይ መሆኗ አላዳነውም።

«ደስ ባለው ጊዜ ተነሥቶ የሚዞር ሰው ነበር»

ከቀደመው ጋር የተያያዘ ነው፤ ግን ለብቻው መነገር አለበት፤ ምክንያቱም ስለ እሱ የሚጻፉ አጫጭር ታሪኮች ሁሉ «መንፈስ መራውና ሄደ» ብለው ያልፉታል። መንፈስ ቢመራውም ሸኚ ደብዳቤ ያስፈልገው ነበር።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አገልጋዩ ወደ አንድ አገር የመሄድ «ሸክም» ሲሰማው መጀመሪያ በወርኃዊው ጉባኤ ፊት ይናገራል። ጉባኤው በዝምታ ይመዝነዋል። ከተስማማ ጉዳዩ ወደ ሦስት ወሩ ጉባኤ ያልፋል፤ ባሕር የሚያሻግር ከሆነ ደግሞ እስከ ዓመታዊው የአገልጋዮችና የሽማግሌዎች ጉባኤ ይሄዳል። ሁሉም ከተስማሙ የምስክር ወረቀት ይጻፍለታል። ወረቀቱን ይዞ ይጓዛል፤ ሲመለስም ለሰጡት ጉባኤዎች ያስረክባል፤ የሆነውን ይናገራል። ከዚህ ጎን ደግሞ የንግድ መዝገቡ አለ፤ ዕዳ ሳይዘጋ፣ ቤተሰቡ የሚኖርበት ሳይመቻች መርከብ ላይ መውጣት አይታሰብም።

ርብቃ ብዙ አይወራላትም። ሁለተኛው የአውሮፓ ጉዞ ከ1811 እስከ 1814፣ አራተኛው ከ1831 እስከ 1834 የዘለቀ ነው። ደብዳቤ በሸራ መርከብ በሚሄድበት ዘመን ሴትዮዋ አንድ ልጃቸውን ይዛ ቤት ጠብቃለች። በየወደቡ የተዘረጋው የእሱ መንገድ አንደኛው ጫፍ የታሰረው እሷ ላይ ነበር።

«ከኩዌከር ቤት የተወለደ ሰላማዊ ሰው ነው»

እዚህ ላይ እውነታው ከወሬው ይበልጥ ይጣፍጣል። የልደት ስሙ ኤትየን ደ ግሬሌ ነው። የተወለደው በሊሞዥ ከተማ ከካቶሊክ መኳንንት ቤት ሲሆን፣ ቤተሰቡ ከተማዋን ዛሬም ድረስ የሚያስጠራት የፖርሴሊን ፋብሪካ ሲቋቋም እጁ ነበረበት። ልጁ ሊዮን ውስጥ በካቶሊክ መምህራን እጅ ተማረ፤ በ17 ዓመቱ ገደማ ወደ ሉዊ 16ኛ የክብር ዘበኛ ገባ። ጦር ታጥቆ የቆመ የንጉሥ ወታደር ነበር ማለት ነው።

አብዮቱ ሲበረታ ከወንድሞቹ ጋር ከአገር ወጥቶ የንጉሣውያኑን ጦር ተቀላቀለ። ተማረከ፤ በጥይት እንዲደበደብ ተፈረደበት፤ አመለጠ። በአምስተርዳም በኩል አድርጎ በ1793 ከወንድሙ ከዮሴፍ ጋር ወደ ደቡብ አሜሪካዋ ደመራራ፣ የዛሬዋ ጉያና፣ ተሻገረ። በዚያን ጊዜ ቤተ ክርስቲያንን አጥብቆ የተቸውን የፈረንሳዊውን ጸሐፊ የቮልቴርን ሐሳብ የተከተለ፣ ጸሎት የተወ ወጣት ነበር። በ1795 የፈረንሳይ መርከቦች እየመጡ ነው የሚል ወሬ ሲነዛ ወንድማማቾቹ ወደ ኒውዮርክ ሸሹ፤ ሎንግ አይላንድ ላይ ተቀመጡ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን እሱ ራሱ ነው የጻፈው። አንድ ምሽት ሜዳ ላይ ብቻውን ሲራመድ፣ ሐሳቡ ከሃይማኖት ርቆ ሳለ፣ «ዘላለም! ዘላለም! ዘላለም!» የሚል ድምፅ ነጎደበት፤ ያለበት ቦታ ላይ ወደቀ። እንግሊዝኛ ገና አያውቅም ነበር። ጎረቤቱ የነበሩ አንድ ኮሎኔል ስለ ዊልያም ፔን አጫውተውት መጻሕፍቱን አዋሱት፤ ግሬሌት አብዛኛውን ቃል ከመዝገበ ቃላት እየፈለገ የፔንን መጽሐፍ ዳር እስከ ዳር ደጋግሞ አነበበ። ብዙም ሳይቆይ ዴቦራ ዳርቢ እና ርብቃ ያንግ የተባሉ ሁለት እንግሊዛውያን ሴት አገልጋዮች በአካባቢው ስብሰባ እንደሚያደርጉ ሰምቶ ሄደ። ኋላ በኮሎኔሉ ቤት ሲገናኙ ዳርቢ የተናገረችው የልቡን መጽሐፍ ገልጣ ያነበበች ያህል ተሰማው። በ1796 የወዳጆች ማኅበር አባል ሆነ። ሰላማዊነቱ በውርስ የመጣ ሳይሆን ዘበኝነቱን ካየ በኋላ የተመረጠ ነው።

ይህ ምርጫ ወዲያው ተፈተነ። በ1798 ፊላደልፊያን ቢጫ ወባ ሲመታት ብዙው ሰው ከተማዋን ጥሎ ሲወጣ እሱ የታመሙትን ሲያስታምም ቆየ፤ ራሱም ታሞ የሬሳ ሣጥን እስኪታዘዝለት ደረሰ። ከዚያ በኋላ 57 ዓመት ኖረ።

«ኩዌከሮች ከመጀመሪያው ጀምሮ ከባርነት ንጹሕ ነበሩ»

ይህን የሚለው አብዛኛውን ጊዜ ለእነሱ በጎ የሚያስብ ሰው ነው። እውነቱ ይጎመዝዛል። በፔንሲልቬንያም ሆነ በሌሎች ግዛቶች ባሪያ ያላቸው ኩዌከሮች ብዙ ነበሩ፤ ዊልያም ፔን ራሱ ነበረው። በ1688 ጀርመንታውን ውስጥ ጥቂት ሰዎች ባርነትን የሚቃወም ጽሑፍ ለጉባኤዎቹ አቀረቡ፤ ጽሑፉ ከአንዱ ጉባኤ ወደ ሌላው እየተገፋ መልስ ሳያገኝ ቀረ። የፊላደልፊያ ዓመታዊ ጉባኤ አባላቱ ባሪያ እንዳይኖራቸው የከለከለው በ1776 ነው። ከመጀመሪያው ጽሑፍ 88 ዓመት መሆኑ ነው።

ግሬሌት ባርነትን ያወቀው ከመጽሐፍ አልነበረም። ደመራራ ውስጥ የሸንኮራና የቡና እርሻ ባሪያዎች ሲገረፉ አይቷል፤ ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት መንገድ ላይ የጅራፍ ድምፅ ሲሰማ ደሙ እንደሚቀዘቅዝ ጽፏል። ጅራፍ በዚያ ዘመን በየጋሪው ላይ ነው፤ ኒውዮርክ ውስጥ በቀን ስንት ጊዜ ይሰማው እንደነበር አስቡት።

«ኒውጌትን የለወጠው እሱ ነው» ወይም «ኤልሳቤጥ ፍራይ ብቻዋን ናት»

ሁለቱም ወገን የራሱን ጀግና ይጎትታል። የሆነው እንዲህ ነው። በ1813 መጀመሪያ፣ በብርዱ ወራት፣ ግሬሌት ለንደን ውስጥ እስር ቤቶችን እየጎበኘ ነበር። ኒውጌት ሲደርስ ጠባቂዎቹ ሴቶቹ ወዳሉበት ክፍል እንዳይገባ መከሩት፤ ሴቶቹ ያልተገሩ ናቸው፣ ጉዳት ያደርሱብሃል አሉት። ገባ። የጎዱት የለም። ያገኘው መጨናነቅ፣ ረኀብ፣ ግማት ነበር፤ ከላይኛው ፎቅ በሽተኞቹ ብርድ ላይ ወለል ላይ ተኝተዋል፣ እዚያው የተወለዱ ሕፃናት ራቁታቸውን ናቸው ለማለት ይቻላል።

ከዚያ በቀጥታ የሄደው ወደ ኤልሳቤጥ ፍራይ ቤት ነው። እሷም የማኅበሩ አገልጋይና የልጆች እናት ነበረች። የሚሞቅ ጨርቅ አስገዛች፤ ጓደኞቿን ሰብስባ የሕፃን ልብስ አሰፋች፤ ወዲያውም ይዛ ሄደች።

ታሪኩ ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ይዘለልና «ከዚያም እስር ቤቱ ተለወጠ» ይባላል። በመካከሉ አራት ዓመት ገደማ አለ። ፍራይ በእነዚያ ዓመታት ወልዳለች፣ ታማለች፣ በ1815 አንዲት ሴት ልጇ ሞታባታለች። ወደ ኒውጌት ተመልሳ ሥራውን በቋሚነት የያዘችው በ1816 መጨረሻ ነው፤ የሴት እስረኞች ማኅበሩ በ1817 ተቋቋመ፤ በ1818 በፓርላማው ኮሚቴ ፊት ቀርባ መሰከረች። ግሬሌት ግን በ1814 ወደ አሜሪካ ተመልሶ ከውቅያኖስ ማዶ ነበር፤ በ1816 እንዲያውም ሄይቲ ውስጥ ለፕሬዚዳንት ፔትዮን ወታደሮች እየሰበከ። የእሱ ድርሻ አንድ ቀን ነው፦ አትግባ ሲሉት ገባ፤ ያየውን ደግሞ ለሚመለከተው ሰው በዚያው ነገረ። ያንን ቀን ለማሳነስ አይደለም፤ የተቀረውን ለባለቤቷ ለመመለስ ነው።

«ኮፍያውን ሳያወልቅ ጳጳሱ ፊት ቆመ»

ኩዌከሮች ለሰው ኮፍያ አያወልቁም ነበር፤ ይህ የሚገባው በጸሎት ጊዜ ለእግዚአብሔር ብቻ ነው ይሉ ነበር። በአነጋገርም እንደዚሁ። እኛ «አንተ» እና «አንቱ» እንዳለን የእነሱም ቋንቋ በቀድሞው ዘመን የክብር መጠሪያ ነበረው፤ እነሱ ግን ለንጉሥም ለበር ጠባቂም «አንተ» ነው የሚሉት። ለእኛ አገር ሰው ይህ ስድነት ሊመስል ይችላል፤ ለእነሱ የእኩልነት ጉዳይ ነበር፤ ብዙዎች ታስረውበታል።

ስለዚህ ግሬሌት በዲሴምበር 1819 ሮም ላይ የካቶሊኮቹን የበላይ ጳጳስ ፒዮስ 7ኛን ሲያገኝ ኮፍያውን እንደደፋ ቆመ የሚለው ወሬ ደስ ይላል። ነገር ግን እሱ ራሱ የጻፈው ከዚያ ይበልጥ ያስቃል። በሩ ሲከፈት አንድ ሰው ከኋላው መጥቶ ቀስ ብሎ ግን ፈጠን አድርጎ ኮፍያውን አነሣለት፤ ዞሮ ከመፈለጉ በፊት በሩ ተዘግቷል። መርሑን አላፈረሰም፤ ፕሮቶኮሉም አልተጣሰም። እንዲህ ያለ ብልኀት የረጅም ዘመን ቤተ መንግሥት ብቻ ነው የሚያውቀው።

ጳጳሱ 77 ዓመታቸው ነበር። ግሬሌት የነገራቸው በየአገሩ ስላያቸው እስረኞችና ድሆች፣ እዚያው ሮም ስለጎበኛቸው እስር ቤቶችም ነበር፤ ካርዲናል ኮንሳልቪ የኢንኩዊዚሽኑን (መናፍቃን የሚዳኙበትን የቤተ ክርስቲያን ፍርድ ቤት) እስር ቤት ሳይቀር እንዲያይ አስፈቅደውለታል። አድማጩ ራሳቸው በናፖሊዮን ትእዛዝ ከ1809 እስከ 1814 ተግዘው የቆዩ ሰው መሆናቸውን ስናስብ ንግግሩ ለምን በትዕግሥት እንደተሰማ ይገባል። አንዱ ሌላውን ለመለወጥ አልሞከረም ማለት አይቻልም፤ ግን በወዳጅነት ተለያዩ።

የሩሲያው ቄሳር እስክንድር 1ኛም «በድብቅ ኩዌከር ሆነ» ይባላል። አልሆነም። በ1814 ናፖሊዮን ወድቆ ለንደን ሲመጣ በኩዌከሮች ስብሰባ ተቀመጠ፤ ግሬሌትን፣ ኬሚስቱንና የመድኃኒት ነጋዴውን ዊልያም አለንን እና አንድ ሌላ ወዳጃቸውን ተቀብሎ ረዘም ላለ ጊዜ አነጋገረ። በኋላም በፒተርስበርግ ዙሪያ ያለውን ረግረግ የሚያደርቅለት የኩዌከር ገበሬ ከእንግሊዝ አስመጣ። ግሬሌትና አለን በ1818 መጨረሻ ፒተርስበርግ ሲገቡ ቄሳሩ አልረሳቸውም፤ ተቀብሏቸው አብረው በዝምታ ተቀመጡ። ሁለቱ ነጋዴዎች በትምህርት ቤቶች የሚነበበው ነገር ስላላማራቸው ከመጽሐፍ ቅዱስ የተውጣጣ የንባብ መማሪያ አሰናዱ፤ ቄሳሩም ደግፎ አሳተመው። ከዚህ ያለፈ ግን የለም፤ እስክንድር ኦርቶዶክስ ሆኖ ነው የሞተው።

የመኳንንቱ ስም ሲደረደር ሰውየው ቤተ መንግሥት አሳዳጅ ይመስላል። ያው ሰው ለንደን ውስጥ ለሌቦችና ለኪስ አውላቂዎች ለብቻቸው ስብሰባ አስጠርቶ ሰብኳል።

«ባዶ ካምፕ ውስጥ ሰበከ፤ ከዓመታት በኋላ ለንደን ድልድይ ላይ አንድ ሰው ያዘው»

የታወቀ ታሪክ ነው፦ ጫካ ውስጥ እንጨት ቆራጮች ጥለውት በሄዱት ካምፕ ለማንም ሳይሆን ሰበከ፤ በሳንቃው ስንጥቅ በኩል የሰማ አንድ ሰው ዳነ፤ ኋላ ለንደን ድልድይ ላይ አገኘው። ስብከት ላይ ሲነገር ያምራል። የሚነገረው ግን ያለ ቀን፣ ያለ ካምፑ ስም ነው። ጉዞውን ከከተማ ወደ ከተማ እየዘረዘረ ለጻፈ ሰው ይህ ይጎድላል። እኔ ከጥቅሱ ጎን አስቀምጬዋለሁ።

«ከሁሉም ጋር የሚስማማ ሰው ነበር»

ከጳጳስም ከቄሳርም ጋር በሰላም የተቀመጠ ሰው ከእምነት ወንድሞቹ ጋር የሚጣላ አይመስልም። ተጣላ። ኤልያስ ሂክስ የተባለ የሎንግ አይላንድ ገበሬና አገልጋይ የውስጥ ብርሃን፣ ማለትም እግዚአብሔር በሰው ልብ ውስጥ የሚሰጠው ምሪት፣ ከመጽሐፍ ቅዱስም በላይ እንደሆነ አጉልቶ ሲሰብክ፣ የክርስቶስን ቤዛነት አሳንሷል ብለው ቀድመው ከተቃወሙት አንዱ ግሬሌት ነው። ክርክሩ ለዓመታት ተንከባለለ። በ1827 የፊላደልፊያ፣ በ1828 የኒውዮርክ ዓመታዊ ጉባኤ ለሁለት ተሰነጠቀ፤ በስብሰባ ቤትና በመቃብር ቦታ ሳይቀር ተካሰሱ፤ ቤተሰብ ከቤተሰብ ተለየ። ግሬሌት ሂክስን በተቃወመው በኦርቶዶክሱ ወገን ቆመ። (ይህ ስም ከእኛ ቤተ ክርስቲያን ጋር አይገናኝም፤ የወገናቸው መጠሪያ ነው።)

ከመጨረሻው የአውሮፓ ጉዞው በ1834 ተመልሶ ኒው ጀርሲ ውስጥ በርሊንግተን ተቀመጠ፤ እዚያው በኖቬምበር 1855 አረፈ። የተሰነጠቁት የፊላደልፊያና የኒውዮርክ ጉባኤዎች እንደገና አንድ የሆኑት በ1955 ነው፤ ግሬሌት በሞተ በመቶ ዓመቱ።